ተራዋ ሼቬል

የመኪና ትርኢቱ ዳኛ ክሌይተን በቀዩዋ ሼቬል መኪና አፍንጫ ላይ የተለጠፈውን «ኤስኤስ» የሚል የውዱን ሞዴል ምልክት በጣቱ ነካ አደረገና ከት ብሎ ሳቀ። «ኢርማ፣ ይቺማ ርካሹ ሞዴል ናት! ምልክቱን የለጠፍሽው አንቺ፣ ትልቁን ሞተር ያስገባሽውም አንቺ።» ለመኪና ትርኢቱ የመጣው የኦሃዮ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ምልክቱን ለጥፌያለሁ፤ የሰው ሳቅ ሰልችቶኝ ነው» አለች ኢርማ ፊቷ ቀልቶ። «ሞተሩን ግን አልነካሁም!» የኋላውን መቀመጫ ፈንቅላ አነሳችው። የፋብሪካው ሠራተኞች መኪናዋን ሲገጥሙ የተከተሉት የዕቃ ዝርዝር ከመቀመጫው ሞላዎች መሀል ተወትፎ እንደሚቀር ታውቃለች፤ ሌላ ጉድ እንዳይወጣባት ፈርታ ግን ሠላሳ ዓመት እጇን ሰድዳ አታውቅም። አሁን ሰደደች። አይጥ ጫፉን የቀረጠፈው ወረቀት መዝዛ ሰጠችው።

ክሌይተን መነጽሩን አድርጎ ሲያነብ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ሞተሩ አብሯት የተወለደ ነው» አለ። «ባለ አራት መቶ ሃያ ሰባቱ ትልቁ ሞተር፣ ከፋብሪካው በልዩ ትእዛዝ የተገጠመ! ኤስኤሶቹ እንኳ ያላገኙት ሞተር! ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለች መኪና በዓይኔ አላየሁም።» ባርኔጣውን አወለቀ።

ኢርማ በመኪናዋ ቁልፍ ምልክቱን ገንጥላ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «እንካ፣ ለሚያስፈልጋት መኪና ለጥፍላት።»