ሁለት ሳምንት ለብቻው

ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ ጠዋት የዓሦቹን ምግብ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አኳሪየሙ ላይ ሲያጎነብስ፣ ሟች ሚስቱ ካሳደገቻቸው ሰባት ዓሦች አንዳቸውም ብቅ አላሉም። ትናንት የገዛው ባለ ሸንተረር እንግዳ ብቻ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ጥግ ይዟል።

«ጋሼ፣ የዚህን አመል አናውቅም፤ ሁለት ሳምንት ለብቻው ያቆዩት» ብላው ነበር ሻጯ። እሺ ብሎ ባልዲ ውስጥ አኖረው። ዓሣው ግን ባልዲውን ሲዞረው፣ ሲዞረው ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። ብቻን መዋል ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። «ከሰው ይቀላቀል» ብሎ ሳይመሽ ጨመረው።

እንግዳው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈተ። ሽማግሌው የቆነጠረውን ምግብ ለቀቀለትና ወንበሩን ወደ መስታወቱ ሳበ።

«በል እንግዲህ» አለው፤ «ባለቤቴን ምን እንላታለን?»