ሦስት ምስክር

አያ ዕንባቆም ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡላት። «ይህ ቁጥር ከዚህ በፊት ተጠይቋል። ይጠንቀቁ።» በየነጥቡ ቆም እያሉ ነበር፣ ዳዊት እንደሚደግሙ ሁሉ።

ፅዮን ባንኮኒውን ተደገፈች። ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች። ውጭ የነሐሴ ዝናብ የፒያሳን አስፋልት ይደበድባል፤ ሱቁ ውስጥ የእርጥብ ጋቢና የፀረ ተባይ ሽታ ተደባልቋል።

ፊቷ የተቀመጠው እሽግ ባለፈው ቅዳሜ ለአያ ታከለ የሸጠችው የድንች ዋግ መድኃኒት ነው። አፉ አልተከፈተም። የተነካው ጥጉ ላይ ያለችው ብርማ ተለጣፊ ብቻ ናት፤ እንደ ሞባይል ካርድ ተፍቃ ከሥሯ ያለው ቁጥር ወጥቷል።

እርሻው የአያ ታከለ ነው፤ የሚናገሩት ግን ጎረቤታቸው አያ ዕንባቆም ናቸው። አያ ታከለ ዱላቸውን ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። ከመንደራቸው ከኮሶዬ ጎህ ሲቀድ ተነስተው የመጡበት ጉዳይ አጭር ነው፤ መድኃኒቱ ተመሳስሎ የተሠራ ነውና በእውነተኛው ትቀይርላቸው። ቅዳሜ ዋጉ የታየው ጥቂት ቅጠል ላይ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«አምስት ቀን ሙሉ ሳይረጩት?» አለች።

«በሐሰተኛ መድኃኒት?» አሉ አያ ዕንባቆም። «ሳታጣሩ እንዳትረጩ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ብላለች። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ተለጣፊዋን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ይህን ፍቀው ቁጥሩን በስልክ ይላኩ፣ እውነተኛ ከሆነ ይነግርዎታል ብላ ዓይኗን ወደሚቀጥለው ሰው አዞረች። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዋግ ለወራት ተምራለች። ለአያ ታከለ የደረሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

እንዴት እንዳጣሩ እንዲነግሯት ጠየቀች። አያ ዕንባቆም ደስ እያላቸው ተረኩላት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ሰንበቴው ላይ ቀረበ። ነገር በሦስት ምስክር ይጸናል፤ ድንበር ሲገፋም፣ በሬ ሲጠፋም ወጉ ይኸው ነው። ስልክ ያላቸው ሦስት የታመኑ ሰዎች ተመረጡ፤ እሳቸው፣ መሪጌታ ክብረትና የዕድሩ ዳኛ ውድነህ። ሦስቱም ያንኑ ቁጥር በየስልካቸው ላኩ።

«የሦስታችንም ቃል አንድ ሆነ» አሉ። «አንዲት ፊደል አልተለያየም።»

ፅዮን ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አስመሳዮች አንድ እውነተኛ ቁጥር ቀድተው ሺህ እሽግ ላይ ስለሚያትሙ፣ ቁጥሩ እውነተኛ ነው ብሎ የሚመልሰው መጀመሪያ ለጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቀውን ሁሉ ያስጠነቅቃል። ቅዳሜ ያልተናገረችው ይህን ነበር። አሁን ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው።

«ከእናንተ ከሦስታችሁ በፊት የላከ ሰው ነበር?»

«የለም» አሉ አያ ዕንባቆም።

አያ ታከለ ቀና አሉ። «አማረች ልካለች» አሉ። «ሚስቴ። ቅዳሜ ለት፣ ገና ከገበያ እንደገባሁ።»

«ሚስት ለባሏ አትመሰክርም» አሉ አያ ዕንባቆም፣ ወግ እንደማያውቅ ሰው እያዩአት። «ስለዚህ አልቆጠርናትም።»

«ምን የሚል መልስ መጣላት?»

አያ ታከለ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እርጨው፣ እርጨው ስትል ከረመች። የስልኩን አልጠየቅኋትም።»

ፅዮን የአያ ዕንባቆምን ስልክ ተቀብላ አማረች ዘንድ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ማን እንደሆነች ነገረቻትና የቅዳሜውን መልእክት አጥፍታው እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አላጠፋሁትም» አለች አማረች፣ ጥያቄው ሳይገርማት። «ቆይ ላንብብልሽ።» ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሳች አነበበች። «ምርቱ ትክክለኛ ነው። እናመሰግናለን።» አንብባ ስትጨርስ፣ «ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ነው ያኖርኩት» አለች።

አያ ዕንባቆም በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያ እውነተኛ ነው?» አሉ አያ ታከለ።

«እውነተኛ ነው።»

«ሸጋ።» እሽጉን አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው እሽጉን መልሰው አስቀምጠው ከብብታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የድንች አገዳ አወጡ። ለማስረጃ ነበር ያመጡት። «ይኸው፣ የዛሬ ጠዋቱ። ዛሬውኑ ገብቼ ልርጨው?»

ፅዮን ፌስታሉን ፈታች። ቅጠሉ ጠቁሯል፤ አገዳው እስከ ሥሩ ጠቁሯል። በሁለት ጣቷ ልትገለብጠው ስትል እንደ ረጠበ ወረቀት ተቆርጦ ባንኮኒው ላይ ቀረ። መድኃኒቱ ከዋግ የሚጠብቀው በሕይወት ያለን ቅጠል ብቻ ነው፤ የሞተውን አያስነሳም።

«ልርጨው አይደል?» አሉ አያ ታከለ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«ንገሪው፣ ልጄ» አለች አማረች። «እኔማ ማሳውን ዞሬ አይቼዋለሁ።»

ባንኮኒው ላይ፣ ከጠቆረው ቅጠልና ካልተከፈተው እሽግ መካከል፣ ከስልኩ ውስጥ ኮሶዬ ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ይሰማ ነበር።