ላስቲክ የለበሰው ካርድ

«የማዶዋ ልጅ እኮ መፈተኛ ካርዷ ላይ ሻይ ቢደፋባት ከበር መለሷት! ይኸው ዓመቱን ሙሉ ቤት ተጎለተች» ብላ ጎረቤታቸው ባጥር ላይ ስታወራ የሰማች ተማሪ፣ ሮጣ ሄዳ ካርዷን ላስቲክ አስለበጠችው። ድሮም በወረቀት ቀልድ አታውቅም፤ ደብተሮቿን በየትምህርቱ ለይታ፣ ሸፍና፣ ከልጅ አስበልጣ ነው የምትይዛቸው።

እናላችሁ፣ በፈተናው ቀን በሩ ላይ ተቆጣጣሪው እንደ ደንቡ ካርዷ ላይ ማኅተም መቱ። ቀለሙ ላስቲኩ ላይ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ደገሙት፤ ያው ነው። «ማኅተም የሌለው አይገባም» አሏት። የማዶዋ ልጅ ዓይኗ ላይ ድቅን አለችባት። ላስቲኩን በጥፍሯ ልትልጥ ስትታገል የካርዱ ጫፍ ተቀደደ። ከኋላዋ የተሰለፉት «ወይ ጥንቃቄ! ለካርዷ የዝናብ ካፖርት ገዛችለት!» ብለው ሳቁባት። ውስጥ ደወል ተደወለ።

ይሄኔ ጓደኛዋ ከሰልፉ ወጥታ የልጅቷን እጅ ለቀም አደረገችና ከማኅተሙ ሥር ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ የሚፈተነው ላስቲኩ ከሆነ ላስቲኩን ያስገቡት! እሷ ከሆነች ግን እዚህ መዳፏ ላይ ይምቱላት!»

ሳቁ ቀጥ አለ፤ ተቆጣጣሪውም ማኅተሙን መዳፏ ላይ አሳረፉና አስገቧት።