ሰው አይቆጠርም
መስከረም ማለቂያ ላይ፣ አንድ እሑድ ረፋድ፣ ዘሩ፣ ሚስቱ ውባንች፣ ልጃቸው እፀገነት፣ እናቱ ወይዘሮ አየሁሽና ባለጀልባው ደረበ በሽንፋ ወንዝ መሀል ያሉትን ትናንሽ ደሴቶች ሊያዩ ወጡ። ደረበ ገና ሲነሡ፣ «ጀልባዬ እኔን ጨምሮ ከአምስት ሰው በላይ አትችልም» ብሎ ነበር።

በመጀመሪያው ደሴት ዘሩ ሀብሀብ አምስት ቦታ ቆርጦ አደለ፤ ለሁሉም ደረሰ። በሁለተኛው ደሴት ግን እንደገና አምስት ቦታ ቆርጦ ሲያድል፣ ቁራጩ አልቆ የእሱ እጅ ባዶ ቀረ።

«እማዬ፣ ሁለት ወሰዱ እንዴ?»

«በየትኛው ጥርሴ?» አሉ እየሳቁ።

ሁሉም አንድ አንድ ነው የያዙት። ፊታቸውን በየተራ አየ፤ የማያውቀው ሰው የለም። ወንዙ በደጋው ዝናብ እየሞላ ነበር።

«እስኪ ልቁጠራችሁ» አለ።

«ሰው አይቆጠርም፣ ልጄ። ሟርት ነው።»

እሱ ግን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። አምስት። ትንፋሹ መለስ አለለት።

ውባንች ሳቀችበት። «የተቀመጠባትን አህያ ሳይቆጥር እንደቀረው ሞኝ እንዳትሆን። ራስህን ቆጥረሃል?»

ራሱን አልቆጠረም ነበር።

ውሃው የደሴቷን ዳር መብላት ጀመረ። ደረበ ሞተሩን አስነሣ፤ ስድስቱም ተሳፈሩ።