መብራቱ የረገፈው ባጃጅ

አንድ ማለዳ እማማ ቦሼ ሲነሱ ልጃቸው ባርኮት የለም። ባጃጁ ግን ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ የፊት መብራቱ ረግፎ። ስልኩ ዝግ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶዶ ላይ ሰው ሞልቶ እሳቸው ብቻቸውን ይበላሉ።

ሶርሳ የሚባል ጎረምሳ የመጣው ወር ሳይሞላ ነው። ራሱን ተላጭቷል፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ዱርዬ ነው የሚመስለው። በሩን በቡጢ ደበደበው።

«ባለ ባጃጁ የታለ?»

«ጠፍቶብኛል ልጄ። አየኸው እንዴ?»

ባጃጁን አየ። እሳቸውን አየ። የጨበጠውን ነገር ኪሱ ከተተና ወጣ።

ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። መጥረቢያውን ከእጃቸው ነጥቆ እንጨት ፈለጠላቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልቀረም፤ እንሰቱን ይኮተኩታል፣ አጥሩን ያጥራል። ባጃጁን ግን አይነካም። ምግብም አይቀምስም። ሲወጣ ብቻ ይጠይቃል፦

«ደወለ?»

«አልደወለም።»

አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

«አንቺ ቦሼ፣ ነቃ በይ እንጂ!» አለች ጎረቤታቸው ሚርያም። «ወደል ጎረምሳ በነጻ እንጨት የሚፈልጥልሽ ለዓይንሽ ብሎ ነው? ልጅሽን አንድ ነገር አድርጎታል።»

«ተይ እባክሽ።»

«ታዲያ ደወለ አልደወለም ምን አገባው? ሙት እንደማይደውል እያረጋገጠ ነው!»

ነገሩ ልባቸው ውስጥ ተቀረቀረ። እሑድ ቸርች ውስጥ የጌታ እራት ሲታደል ጽዋው ፊታቸው ደረሰ፤ እጃቸው አልዘረጋ አለ። አሳለፉት። ቤት ገብተው ከጌታ ጋር ተሟገቱ። «ሌላ ሌላውን ጠይቀኝ» አሉት። «ይሄን ልጅ ይቅር ማለት ግን አልችልም።»

ጊፋታ ደረሰ። አዲስ ዓመት ነው፤ ወላይታ የተጣላውን ሳያስታርቅ በዓሉን አይበላም። ሶርሳ ቅዳሜ ሲመጣ እማማ ቦሼ የበዓሉን ምግብ፣ ሙቿውን ሠርተው ጠበቁት። ሳህኑ ለሁለቱም አንድ ነው።

«ቁጭ በል። ዛሬ ትበላለህ።»

«እማማ፣ ለእኔ ይቅርብኝ።»

«ብላ አልኩህ! ያደረግኸውን አውቄያለሁ። በጌታ ስም ይቅር ብዬሃለሁ። ለፖሊስም አልናገር። ብቻ... ልጄን የት እንደቀበርከው አሳየኝ።»

ሶርሳ አንዴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። በበሩ በኩል ባጃጁን ተመለከተ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ አንድ የመብራት ስባሪ አወጣና ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠ።

«ይሄን ያነሳሁት ጉኑኖ መንገድ ላይ፣ ከእናቴ ሬሳ አጠገብ ነው፤ ባርኮት ከደወለ፣ የሟቿ ልጅ ይቅር ብሎሃል፣ ወደ ቤትህ ግባ ይበሉት።»