በጥምቀት መዝገብ የተገኘው ጫማ ሰፊ

በአውሮፓ አሮጌ የጥምቀት መዝገብ ውስጥ ቅድመ አያቱን ያገኘ ሰው ብቻ ከሚያቃጥለው ሙቀት ሸሽቶ ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን መግባት በሚችልበት ዘመን፣ የድሬዳዋው ልዑልሰገድ በእናቱ በኩል አንድ ጣሊያናዊ ጫማ ሰፊ አገኘ። ከዚያ ወዲህ «ሲኞር ፓርዲኒ» ካልተባለ ዞር አይልም። ሕጉ የአባት ዘር ከቤተሰብ መዝገብ እንዲፋቅ ያዛል፤ እሱም ሳያቅማማ አስፋቀ።

እሁድ እኅቱ ስንዱ ለምሳ ወደ ቤቱ ስትመጣ አባታቸው አቶ ገብረየስ ደጅ ቆመዋል። የሚናገረው በር የሚከፈተው ለተመዘገበ ዘመድ ወይም እንግዳ መሆኑን ለተናገረ ብቻ ነው።

«እንግዳው ማን ልበል?» አለ በሩ።

«ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው አፍረው።

ልዑልሰገድ በመስኮት ብቅ አለ። «አባዬ፣ ‹እንግዳ ነኝ› ይበሉና ይግቡ።»

ስንዱ ከት ብላ ሳቀች። «ጎሽ፣ ሲኞር! አጥንቱ የበሰበሰ ጫማ ሰፊ አወቅህና ያሳደገህን አላወቅህም? እስቲ ስትታመም እሱ ያስታምምህ!»

«አንቺም እኮ መመዝገብ ትችያለሽ፤ ደምሽ ነው።»

«የእኔ ደም እዚህ ፀሐይ ላይ ቆሟል።»

አቶ ገብረየስ ጠብ እንዳይነሳ ብለው «እንግዳ ነኝ» አሉ። በሩ ተከፈተ፤ በትሕትናም ጠየቃቸው፦

«ለስንት ሰዓት ይቆያሉ?»

ሽማግሌው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። እሱ አቀረቀረ።

«አልቆይም» አሉና የስንዱን ክንድ ይዘው ወደ እሷ ቤት ሄዱ።