ትኋን ያልነካት ልብስ አጣቢ

«ፌስታልሽን ዘርግፊው!» አሉ የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ገብረ ዮሐንስ።

አልጣሽ ዘረገፈችው...

አንድ ነጠላ፣ ማበጠሪያ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ... ሌላ ምንም የለም።

«አሁን የተባይ መርማሪ ይመጣል። ካንቺ ዘንድ አንድ ትኋን ቢገኝ ዛሬውኑ ከሥራ ትወጫለሽ!»

አልጣሽ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ፣ ላሊበላ በዚህ ሆቴል ልብስ አጣቢ ከሆነች አራት ወሯ ነው። ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም የላትም።

ነገሩ የተጀመረው ሠራተኞቹን ሲያሳክካቸው ነው... ክንዳቸው ላይ በተርታ ቀያይ እብጠት። ትኋን!

ሁሉም ተነከሱ... ከአልጣሽ በቀር።

እንግዳ ተቀባይዋ ምሥራቅ ለፍርድ ማን ብሏት!

«የራሷ ናቸዋ! ባለቤታቸውን ያውቋታል!»

ተሳቀ... ሳቁ ወሬ ሆነ፤ ወሬው እውነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ያጠበችውን ፎጣ እንኳ በጣታቸው ጫፍ ያነሱት ጀመር።

እሷ ድሮም፣ ከመጣች ጀምሮ፣ ምሳዋን የምትበላው ከማጠቢያው ጀርባ፣ ፊቷን ወደ አሸተን ተራራ አዙራ ነው። ብቻዋን። አንዳንዴ የሰው ድምፅ ሲናፍቃት ከራሷ ጋር ታወራለች...

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ለእሷ ግን መድኃኒቱ ጠፋ።

መርማሪው ሰውአገኝ ከወልድያ መጣ። ፌስታሉን ዞር ብሎም አላየው።

«ንክሻ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቁንጫም ይነክሳል። ቤቱን እንይ።»

ባትሪውን አብርቶ ማጠቢያ ቤቱን ፈተሸ... ንጹሕ።

የአልጋ መገጣጠሚያዎችን አየ... ንጹሕ።

ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉበት ክፍል ገባና ሶፋውን ገለበጠው። በአሮጌ መታወቂያ ስፌቱን ገለጥ ሲያደርገው...

ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ የተጣለ ቅርፊት... ከዚያ ተልባ የሚያካክሉ ጠፍጣፋ ቡናማ ነገሮች እየሮጡ ወጡ!

«በስመ ሥላሴ!» ምሥራቅ ዘለለች።

«ይህ ሶፋ ከየት መጣ?»

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከ... ከቤቴ ነው። አዲስ ስገዛ ለሠራተኞቹ ሰጠሁት...»

ምሥራቅ ግን አልዋጥላት አለ። «እና እሷን ለምን አልነኳትም?»

«ትኋን ዘመድ አይለይም፣ እህቴ» አለና ሰውአገኝ ወደ አልጣሽ ዞረ። «አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ የለም፣ ጌታው።»

«በአራት ወር አንድ ቀን እንኳ?»

አልጣሽ አቀረቀረች...

«ቁጭ በይ ያለኝ ሰው የለም።»

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

ሶፋው ወጣ። የአልጣሽ እንጀራ ተረፈ።

በማግስቱ ምሥራቅ ራሷ እጇን ይዛ ምሳ ክፍል አስገባቻት። «ይቅር በይኝ» ብላ አጎረሰቻት።

አልጣሽ ጉርሻውን አፏ ውስጥ ይዛ ብዙ ቆየች... ልትውጠው ስትል እንባዋ ቀደማት።

ወዳጆቼ... ትኋን ሲገባባችሁ ባትሪ ይዛችሁ ስፌትና ስንጥቅ ፈትሹ እንጂ የድሃ ፌስታል አታስዘርግፉ። እዚያ ቤት ክፉኛ የቆሰለችው ያቺ ያልተነከሰችው ነበረች።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... በመሥሪያ ቤታችሁ «ና፣ አብረን ቁጭ እንበል» ብላችሁት የማታውቁት ሰው አለ? ስሙን ተዉት... ለምን እንዳልጠራችሁት ግን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።